የእማሆይ ብልቃጥ

«ከመስኮቱ በላይ ይሻላል ወይስ እዚህ በሩ ጎን?» አለች እትዬ ኤልዳና። ሚስማሩን በጥርሷ ነክሳ ስለነበር ግማሹ ቃል እዚያው አፏ ውስጥ ቀረ። መዶሻ ቢጠፋ ዘነዘና ይዛለች።

አቶ ልዑልሰገድ ደፉ ላይ ቆሟል። ጫማው ላይ ላስቲክ አጥልቋል፤ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፏል። ግድግዳውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ዘነዘናውን አየ።

«ምኑ ነው የሚሻለው?»

«ምስክር ወረቀቱ ነዋ! ብሎክ አራቶች አምና ደረጃው ላይ ሰቅለው ነፋስ ወሰደባቸው። የደብረ ብርሃን ነፋስ እንደሆነ ማኅተም አይፈራም። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ይሁን አልኩ።»

«እትዬ፣ እኔ ምስክር ወረቀት አላመጣሁም።»

«ይምጣ ሲመጣ! ሚስማሩ ይቆያል» አለችና አንዴ መታች፤ ኖራው ረገፈ። «ስድስት ዓመት ያለ አንዲት ጥፋት የሰጠ ሰው ወረቀት ይገባዋል ያላችሁ እናንተ ናችሁ። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ከወር ከአሥር ቀኔ ነው። ይግቡ እንጂ፣ ወንበሩን ለእርስዎ ነው የወለወልኩት።»

ሰውየው ገባ፤ ግን አልተቀመጠም። ከንጹሖቹ አንዱ ቆሞ የሚያወራ ከሆነ ነገር እንዳለ በብሎክ ዘጠኝ የማያውቅ የለም። ኤልዳናም ያኔ ነው ዘነዘናውን ቀስ አድርጋ ያስቀመጠችው።

ንጹሖቹ ማለት አበረታች መድኃኒት የሚያስሰው የንጹሕ ሩጫ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያላቸው ሰፈሩ ነው፤ እነሱም ስሙን ሰምተው ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ብሎክ ዘጠኝ የበለጥሻቸው ክበብ ነበር። በለጥሻቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የሃያ ሁለት ዓመት አገር አቋራጭ ሯጭ ናት። ከሯጭ ጋር አንድ ደረጃ የሚወጣ፣ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳ፣ የወጡ ሽታ በመስኮቷ የሚገባ ሁሉ ክበብ ይባላል። ድሮ የሚመረመረው ሯጩ ብቻ ነበር ብለው የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። ከዚያ አሠልጣኙ ተጨመረ፤ ከዚያ ምግብ አብሳይዋ፤ ከዚያ አብሳይዋ እንቁላል የምትገዛበት ቤት፤ ከዚያ ዶሮዎቹ። በ2075 ዓመተ ምሕረት ብሎክ ዘጠኝ ውስጥ አርባ አንድ ጎልማሳ፣ ሁለት ድመትና አንድ የተመዘገበ በግ ነበር። በጉ ለፋሲካ ነው፤ እሱም ይሰጣል።

ማታ ማታ ስም የተጻፈባት ብልቃጥ በየበሩ ትቀመጣለች። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ሰው ሁሉ ብልቃጡን በሽንቱ ሞልቶ ደረጃው ሥር ባለችው መስኮት ያስረክባል። ስትሞላ ቆሞ የሚያያት ሰው የተመደበላት በለጥሻቸው ብቻ ናት፤ ሌላው በእምነት ነው። «እንደምን አደርሽ» ቀርቶ «አስረከብሽ?» ሆኗል ሰላምታው። ራስ ምታት የያዘው ኪኒን አይውጥም፤ ሻሽ ያስራል። ጉንፋን የያዘው ዳማከሴ ጨምቆ ካሸተተ የደረጃው ሽታ ጠቋሚ መሣሪያ ይጮኽበታል፤ ጎረቤቱም በመስኮት ብቅ ብሎ «ኧረ በልጅቷ አምላክ!» ይለዋል። ታዲያ ቅሬታ የለም። የክበብ ነዋሪ ቧንቧው አይቋረጥበትም። ደግሞም በለጡ ስትሮጥ እንደ ሰው አገር ሰው «ሩጪ ልጄ» ብቻ አይደለም የሚባለው፤ «ሽንቴ ይድረስልሽ» ያለ ሰው ሁሉ አለ።

«ላቦራቶሪው መንታ አገኘ» አለ አቶ ልዑልሰገድ።

«የማን መንታ?»

«ሁለት ብልቃጥ ውስጥ የአንድ ሰው ሽንት። አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ። አንዷ የእርስዎ ናት፤ አንዷ የእማሆይ ወለተ ሥላሴ።»

ኤልዳና በወለወለችው ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች።

እማሆይ ምድር ቤት የሚኖሩ የሰማንያ አራት ዓመት መነኩሴ ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ እስከ ቅዳሴ መውጫ ጠብታ ውኃ አይቀምሱም፤ ማታም ቢሆን አንዲት ኩባያ ናት። ከአንዲት ኩባያ ደግሞ የብልቃጧን መስመር የሚሞላ አይገኝም። ከመስመሩ በታች የሆነ ብልቃጥ «ባዶ» ይባላል፤ በወር ሦስት ባዶ የተገኘበት ክበብ ይፈርሳል፤ ክበቧ የፈረሰባት ሯጭ ቤቷ ትቀመጣለች። ሁለቱን ባዶ እማሆይ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ጨርሰዋል። ጎረቤቶች ንጹሖቹን «ሴትዮዋ ይጾማሉ» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ከጤና ጋር የተያያዘ ማስረጃ ያቅርቡ» አሉ። ጾም ደግሞ በሽታ አይደለም።

እንግዲህ ጨው ያለቀበት ኩባያ ይዞ ጎረቤት ያንኳኳል፤ እርሾ የጠፋባትም እንደዚያው። እማሆይም አንድ ጠዋት ብልቃጣቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የኤልዳናን በር አንኳኩ። ምን እንደፈለጉ ለመናገር አፍረው ስለ ብርዱ አወሩ። ኤልዳና ብልቃጧን ከእጃቸው ተቀበለች። «የእኔ እንደሆነ ሞልቶ ይፈሳል፣ እማሆይ። ምን ቸገረኝ?» አለች። አሥራ አንድ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ይህን የመሰለ ብድር መመለሻ ስለሌለው ማንም ነገሩን እንደ ነገር አልቆጠረውም።

«አበድሬያቸው ነው» አለች ኤልዳና አሁን፣ ጨው ያበደረች በሚመስል ድምፅ። «አይወጣላቸውም፤ ይጾማሉ።»

አቶ ልዑልሰገድ ዓይኑን ጨፈነ። ጉንፋን ይዞታል፤ ግን ንጹሕ ነውና ማስነጠሱን በትዕግሥት ዋጠው።

«ይህን አልሰማሁም» አለ።

«ጮክ ብዬ ልናገር?»

«አይናገሩ! ያሉትን ልጻፍ ብል በዚህ ነው የሚገባው።» ከቦርሳው ቅጽ አሥራ አንድን አወጣና በጣቱ አሳያት። «‹ለአትሌቷ ጥቅም የተደረገ ማጭበርበር።› ክበቡ እንዳይፈርስ ብለው ነዋ የሰጧቸው። አራት ዓመት ነው።»

«አራት ዓመት እኔ ልታሠር?»

«እርስዎን ማን ያስርዎታል? አራት ዓመት ልጅቷ አትሮጥም። ዓርብ ለውድድሩ ልትበር አይደል? አትበርም።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ የበለጥሻቸው የስፖርት ልብስ በገመድ ላይ በነፋሱ ሲማታ ይሰማል።

«ሌላ ሣጥን የለውም ቅጹ?»

«አለው።» አገላበጠላት። «‹አትሌቷን ለመጉዳት የተደረገ።› ሰበቡ ምቀኝነት፣ ቂም፣ ጥቅም ተቀብሎ። ይህ ከሆነ ልጅቷ ተበዳይ ናት። በማግሥቱ ነፃ ትሆናለች። አድራጊው ከክበቡ ይወጣል፤ ለዘለቄታው ልጅቷን ከሁለት መቶ ሜትር በታች አይጠጋም።»

«ጉርብትና የሚል የለም?»

ሰውየው እውነትም ፈለገ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለ፤ ጀርባውንም አየ።

«የለም።»

ከዚያ ኤልዳና እስክሪብቶውን ለመነች። እጇ ልብስ ሰፊ እጅ ነው፤ በመርፌ የተበሳሳ። ልትፈርም ስትል ግን ሰውየው ቅጹን በመዳፉ ከደነው።

«ፊርማዎ ብቻውን አይበቃም። በዘጠኝ ሰዓት ልጅቷ ቃሏን ታሰማለች። የሚሰማት ሰው አይደለም፤ ውሸት የሚለይ ማሽን ነው፤ ታውቂያለሽ። ‹ሴትዮዋ ክፉ አስባብኝ ነው ብዬ አምናለሁ› ማለት አለባት፤ ብላም ማመን አለባት። ካላመነች ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ውድድር እስከምታቆም ድረስ በየዓመቱ ትጠየቃለች።» «እርስዎ» ማለቱን ረስቶ «አንቺ» ማለቱን አላስተዋለም፤ እሷ ግን አስተዋለች፤ ደስ አላት። «አሁን አምስት ሰዓት ነው። እኔ ምንም አላልኩም። ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ላይ ነኝ፣ የምናገረውን አላውቀውም።»

ኤልዳና መጀመሪያ የወረደችው እማሆይ ዘንድ ነው። እማሆይ ሁሉን ሰምተዋል፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይዝም። መቁጠሪያቸውን ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ የለመንኩሽ። እኔ እናገራለሁ።»

«ከተናገሩ ልጅቷን ገደሏት። ብልቃጥዎን ሳያውቁ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ በክፋት።»

«ውሸት ነው።»

«አዎ።»

«ጾም ነው እኮ፣ ልጄ።»

«የምዋሸው እኔ ነኝ። መነኩሴ እንደሆነ አያስምሉም። እርስዎ ዝም ብቻ ይበሉ። ዝምታ ያስገድፋል?»

እማሆይ ይህን የሚመልስ መጽሐፍ በልባቸው እያገላበጡ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ።

በለጥሻቸው ከልምምድ የተመለሰችው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደረጃው ሥር እንደደረሰች፣ እዚያ ከምትጠብቃት ከኤልዳና እንደ ደንቡ አምስት ደረጃ ርቃ ቆመች፤ በውድድር ወር መጨባበጥ የለምና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ግንባሯ ላይ አረንጓዴ ማሰሪያ አለ። የሰፋችላት ኤልዳና ናት፤ ጨርቁ ግን አዲስ አልነበረም።

ስለ ማሰሪያው ለማወቅ ትርሲትን ማወቅ ያስፈልጋል። ትርሲት የኤልዳና ልጅ ናት። ሁለቱ ልጆች አብረው ሮጠው ያደጉ ናቸው፤ ትርሲት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነበረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ አንድ ሳምንት በፊት፣ ሳል ያዛት። እናቷም እናት ናትና በማር በጥብጣ አንዲት ማንኪያ ሽሮፕ ሰጠቻት። አንዲት ማንኪያ። አራት ዓመት። ትርሲት ጫማዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ ወደ ሰመራ ሄደች፤ እዚያ የጭነት መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ በበዓል ትደውላለች። የተለቀቀውን ቦታ የያዘችው በለጥሻቸው ናት። ኤልዳና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ኪኒን በአፏ አልዞረም። ሰዉ «ለበለጡ ብላ እኮ ነው» ይላል። እሷም እንዲያ ትላለች።

«ያን ማሰሪያ አውልቂው» አለች ኤልዳና።

ልጅቷ ሳቀች። «ምነው እትዬ፣ ቆሸሸ እንዴ?»

«የትርሲት ቀሚስ ነበር። የሷን ነው ግንባርሽ ላይ ያሰርሽው። አውልቂ።»

«እትዬ ኤልዳና፣ ራስዎን አሞዎት ነው?»

«ስድስት ዓመት አሞኛል። አንቺ በሮጥሽ ቁጥር የማየው የሷን እግር ነው። ሰው እልል ሲል እኔም እልል እላለሁ፤ በልቤ ግን ‹ምናለ ብትወድቅ› እላለሁ። የአምናው ውድድር ላይ ቁርጭምጭሚትሽ ሲዞር እኔ ነኝ ስለት የተሳልኩት። የእማሆይን ብልቃጥ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ላፈርስሽ ነው። ንጹሖቹ ባይደርሱ ኖሮ እያፈረስኩሽ ነበር።»

ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን አላነሣችም። እላይ ቤቷ ቁጭ ብላ ያዘጋጀችው ሌላ ነበር፤ አጭርና የሚመር ስድብ። ይህኛው ግን ሳይጠራ መጣ። ቃሉም እንደፈራችው አልከበዳትም። ተስቦ የሚወጣ ክር ሆነባት፤ ጫፉን ከያዙት በኋላ ራሱ ይመጣል።

በለጥሻቸው ወደ እማሆይ በር ዞረች። እማሆይ ቆመዋል። መቁጠሪያው ይዞራል። ዝም።

ልጅቷ ማሰሪያውን ፈታች። እጅ ለእጅ መቀባበል ስለማይቻል ደረጃው ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ሦስት ሦስት ደረጃ እየረገጠች ወጣች። ስታለቅስ አልተሰማችም። ሯጭ እንደሆነች ትንፋሿን ማመጠን ታውቅበታለች።

በዘጠኝ ሰዓት ቃሏን አሰማች። አመነች። በአሥር ሰዓት አቶ ልዑልሰገድ ቅጹን አስፈረመ። ሰበብ በሚለው ላይ ኤልዳና ምቀኝነትንም ቂምንም ምልክት አደረገች፤ «አንዱ ይበቃል» ቢላት «ይግባ፣ ቦታ አለው» አለችው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን የልብስ ስፌት መኪናዋና ፍራሿ ጋሪ ላይ ነበሩ። አርባው ጎረቤት በየመስኮቱ ቆሞ ያያል። ስድስት ዓመት አብሯት ብልቃጥ ተሸክሞ የተሰለፈ ሰው «ከጉያችን እባብ!» አለ። አንዱማ እንዳትረሳው ብሎ ዘነዘናዋን ጋሪው ላይ ወረወረላት። ሚስማሩ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀረ።

የሄደችበት ሰፈር ከፋብሪካው ጀርባ ነው፤ ሯጭ ስለማይወጣበት ክበብ የለውም። ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው። ሰው የፈለገውን ያበስላል፣ የፈለገውን ይውጣል፣ የፈለገው ላይ ያስነጥሳል። ኤልዳና የመጀመሪያው ቀን ከሱቅ የራስ ምታት ኪኒን ገዝታ ዋጠች። በሩብ ሰዓት ውስጥ ለቀቃት። ስድስት ዓመት ያሰረችው ነገር በሩብ ሰዓት! ይህ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

ውድድሩን ያየችው እዚያው ሱቅ ባለው ቴሌቪዥን ነው። በለጥሻቸው ግንባሯ ባዶ ነበር፤ ፀጉሯ ዓይኗ ላይ እየወደቀ ሲያስቸግራት አራት ጊዜ በእጇ መለሰችው። ኤልዳና ቆጥራለች። በመጨረሻው ኮረብታ ላይ ሁለቱን ቀድማ ወጣች፤ ሱቁ ጮኸ፤ የስኳር ከረጢት ተገለበጠ። ከዚያ ጋዜጠኛው ማይኩን አስጠግቶ ስለዚያች ጎረቤት ጠየቃት።

«ይቅር ብያታለሁ» አለች በለጥሻቸው። ወደ ካሜራው አላየችም። «እንደ እናቴ ነበር የማያት።»

«ቱ!» አለ ባለሱቁ። «እንዲህ ያለችውን ሴት አግኝቶ ፊቷን ማየት ነበር። ምን ትመስላለች ትያለሽ?»

«ሰው ትመስላለች ይሆናል» አለች ኤልዳና። «ሳሙና ስጠኝ፤ ከሁለተኛው መደርደሪያ።»

ክረምት ገባ። አንዳንድ ጠዋት ሯጮቹ በአስፓልቱ ያልፋሉ፤ ጭጋጉ ውስጥ የጫማቸው ድምፅ ቀድሞ ይመጣል። አንድ ቀን ኤልዳና ውኃ ልትቀዳ ጀሪካን ይዛ መንገዱ ዳር ቆማ ሳለ የአንዷ ሯጭ የእጅ አንጓ ላይ ያለው ነገር መጮኽ ጀመረ። ሁለት መቶ ሜትር ማለት ነው። ልጅቷ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ከጓደኞቿ ተነጥላ ወደ ማዶ ተሻገረች፤ ጩኸቱ እስኪጠፋ በጭቃው ሮጠች፤ ከዚያ ወደ አስፓልቱ ተመለሰች። ልክ ውሻ የተኛበትን መንገድ እንደሚያልፍ ሰው።

ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን እማሆይ መጡ። በባጃጅ ነው የመጡት፤ ሕጉ ኤልዳና እንዳትጠጋ ይላል እንጂ መነኩሴ እንዳይሄዱ አይልም። ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀመጡ። ኤልዳና በኩባያ ውኃ አቀረበችላቸው፤ ሰዓቱን ጠየቁ፤ ሰባት ነው ስትላቸው ኩባያውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ለጊዜው ስለ ሌላ ነገር አወሩ። በጉ ታርዷል። አቶ ልዑልሰገድ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ያንን ሚስማር አዲሱ ተከራይ ካፖርት ሰቀለበት።

«ልጅቷ ጠየቀችኝ» አሉ በመጨረሻ።

ኤልዳና መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም። የትምህርት ቤት ሱሪ ነበር የያዘችው፤ ጉልበቱ የነተበ።

«‹እማሆይ፣ እውነት ትጠላኝ ነበር?› አለችኝ። እዚያው ደረጃው ላይ። በየዓመቱ ቃሏን የሚሰሙት መሆኑን አውቃለሁ፤ አንዲት ነገር ብነግራት ሜዳሊያውን እንደሚገፏት አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንዴት አድርጋ እንደሰማችው እንጃ።»

መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል።

«እኔን ግን ማሽን አይሰማኝም፣ ልጄ» አሉ እማሆይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ቀን በሬ ላይ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። ሰማንያ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ ሰምቻለሁ፤ ሰው እንዲያ አድርጎ ሲዋሽ ግን አልሰማሁም። ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። እውነት ነበር?»

ኤልዳና እግሯን ከመርገጫው አነሣች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከራስጌዋ ግድግዳው ላይ፣ በዘነዘና ተመትቶ የተጣመመ ሚስማር ላይ፣ አረንጓዴው ማሰሪያ ተንጠልጥሏል፤ እማሆይ እዚያ እንደሚያዩ አይታለች። ኩባያውን ወደ እሳቸው መልሳ ገፋችው።

«ውኃ ይጠጡ፣ እማሆይ» አለች። «ነገ ጠዋት ብልቃጥ አለብዎት።»